ከፍ በተደረገ ላንድክሩዘር 80 የኋላ ሞላ ውስጥ የአየር ከረጢት አገጣጠምና ማስተካከያ

ወደ ዳናኪል፣ ወደ አፋር ዝቅተኛ በረሃ፣ ለመውረድ የተዘጋጀ አንድ ላንድክሩዘር 80 ከኋላው የሚሸከመውን ልቁጠርላችሁ። ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ፣ አምስት ጀሪካን ውሃ፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ፣ ድንኳንና ፍራሽ፣ የማብሰያ ዕቃ ሣጥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ በላይ የሦስት እንግዶች ሻንጣ። ናፍጣው ብቻ 100 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ውሃውም 100። ሌላው ሲደመር ክብደቱ 400 ኪሎ ይጠጋል፤ አብዛኛውም የሚያርፈው በኋላው አክስል ላይና ከእሱ በስተኋላ ነው። መኪናው ይቀመጣል፣ አፍንጫው ይነሣል፣ የፊት መብራቱ ከአስፋልቱ ይልቅ የዛፍ ጫፍ ያበራል። ብዙ ገንዘብ አውጥተን በረጅም ሞላ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደረግነው መኪና ጭነት ባየ ጊዜ ተመልሶ ካልተነካው መኪና እኩል ይሆናል።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ጠንካራ የኋላ ሞላ መግጠም ነው። ዓመቱን ሙሉ ጭነት ለሚሸከም መኪና ትክክለኛው ይኸው ስለሆነ ሌላ አልመክርም። የእኔ ዓይነት ሥራ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ጭነት፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ባዶ። በጠንካራ ሞላ ባዶውን የሚነዳ ሰው ኮሮኮንች ላይ ወገቡን ያጣል። ሁለተኛው መድኃኒት በሞላው መሐል የሚገባ የአየር ከረጢት ነው፤ ስንጭን አየር እንጨምርበታለን፣ ስናራግፍ እንቀንሳለን። ብዙ ሰው ኤርባግ ስለሚለው በግጭት ጊዜ ከመሪው ከሚፈነዳው መከላከያ ጋር ይምታታል፤ እዚህ የምንናገረው ስለ እሱ አይደለም። ይህ ከወፍራም ፖሊዩረቴን የተሠራ፣ ቁመቱ ከስንዝር ጥቂት የሚያልፍ በርሜል መሰል ከረጢት ነው።

ካልተነካ መኪና ላይ መግጠሙ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከፍ በተደረገ መኪና ላይ ግን ከረጢቱ ያጥራል፤ በእሱና በሞላው መቀመጫ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ስለዚህ ማሻሻያ ያስፈልጋል። ይህንን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ማሻሻያ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት ስላየሁ ነው፤ እኔም ተሳስቼ ከፍያለሁ።

በቅድሚያ ማን እንደማይመለከተው ልናገር። ሃርድቶፕና ሃይሉክስ ከኋላ የተቀመጡት በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረበ የብረት ቅጠል ሞላ፣ ላይ ነው። ለእነሱ የሚሸጠው ከረጢት በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ይቆማል። ባሌስትራ ሸክሙን ከፊትና ከኋላ በሁለት ቦታ ለሻንሲው ያካፍላል፤ ከረጢቱ ግን መሐል ላይ በአንድ ነጥብ ይገፋል። ረጅም የጭነት ሳጥን ያለው ፒክአፕ በዚህ ሁኔታ ከአክስሉ ኋላ ብዙ ከጫነና መንገዱ ከከፋ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ሊጎብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። የደረሰ ነገር ነው። በባሌስትራ ለሚሄድ መኪና አንድ ቅጠል ማስጨመር ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የኋላ ሞላቸው ጥቅልል ለሆኑት ነው፤ ላንድክሩዘር 80፣ ኒሳን ፓትሮል እና መሰሎቻቸው።

ሥራው የሚፈልገው

ሁለት ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ የብረት መቆሚያ፣ አራት የጎማ ማገጃ፣ የመፍቻ ስብስብ፣ ካቻቪቴ፣ ሊማ፣ ሜትር፣ ስለታም ምላጭ፣ ሳሙና ውሃ፣ ዝቅተኛ ግፊት በትክክል የሚያነብ ጌጅ፣ የብስክሌት መንፊያ። ጌጁን አደራ። ለከባድ መኪና ጎማ የተሠራ፣ እስከ 150 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) የሚቆጥር ጌጅ 5ን ከ9 አይለይም፤ እኛ ደግሞ የምንሠራው ከ5 እስከ 35 ባለው ውስጥ ነው።

ከረጢቱን ስትገዙ ሦስት ነገር ለሻጩ ንገሩ፦ የመኪናውን ሞዴል፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደተደረገ፣ የሞላውን የውስጥ ስፋት። ለ5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለተነሡ መኪኖች ተብለው የሚመረቱ ረጃጅም ከረጢቶች አሉ። እነሱን ካገኛችሁ ከታች ስለ መሙያው የምለው አብዛኛው ይቀርላችኋል፤ ልኬቱ ግን አይቀርም። አዲስ አበባ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ወይም ከውጭ በሻንጣ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ላልተነሣ መኪና የተሠራው ነው።

ሳትፈቱት ለኩ

መኪናውን ባዶ አድርጋችሁ ሜዳ ላይ አቁሙ። ከኋላ ጎማው መሐል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ጠርዝ ለኩ፤ ግራውንም ቀኙንም ጻፉ። ቀጥሎ እንደምትጓዙበት አድርጋችሁ ጫኑና እንደገና ለኩ። ልዩነቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከረጢት አያስፈልጋችሁም፤ ገንዘባችሁን ለጥሩ አሞርዛተር (የሞላውን መንጠር ለሚገታው ዘንግ) አውሉት። 6 ወይም 7 ከሆነ ቀጥሉ። ከ10 ካለፈ ደግሞ ወይ ሞላው ደክሟል ወይ ጭነቱ በዝቷል። ከረጢት የደከመ ሞላ ምትክ አይሆንም። አንድ ጥንድ ከረጢት እስከ 450 ኪሎ ገደማ ያግዛል ተብሎ ይሸጣል፤ የመኪናውን የመጫን ፈቃድ ግን በአንድ ኪሎ እንኳ አያሳድግም። አክስሉ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ፍሬኑና ጎማው የነበሩት ናቸው።

ማንሣትና ሞላውን ማውጣት

የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም አግዱ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ ኋላው ከመሬት እንደተነሣ ፋይዳ የለውም፤ መኪናውን የሚያቆመው ማገጃው ብቻ ነው። ክሪኩን ከሻንሲው ሥር አድርጋችሁ አንሡ፤ መቆሚያዎቹን ከሻንሲው ሥር አስገቡ፤ አክስሉን በሌላ ክሪክ ደግፉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም እጁን እንዳይሰድ።

የሁለቱን አሞርዛተሮች የታች ብሎንና የማረጋጊያ ዘንጉን ማያያዣ ፍቱ። አክስሉን ቀስ እያላችሁ ስታወርዱ ዓይናችሁ ከፍሬን ቱቦው ላይ አይነሣ። ከፍ በተደረገ መኪና ላይ ይህ ቱቦ ቀድሞውኑ አጥሯል፤ ከተወጠረ አቁሙ፣ ማያያዣውን ከሻንሲው ፈትታችሁ ነፃነት ስጡት። አክስሉ በቂ ሲወርድ ሞላው በእጅ ይወጣል። ግራና ቀኙን፣ ላይና ታቹን በኖራ ምልክት አድርጉ።

ሞላው በእጃችሁ ሳለ ውስጡን ዳስሱት። ዝገት የፈለፈለው ቦታ፣ የቀለም ጠብታ፣ የድንጋይ ጭረት ካለ በሊማ አልስልሱ። ከረጢቱ ዕድሜውን ሙሉ የሚታሸው ከዚህ ገጽ ጋር ነው።

ዋናው ልኬት

አሁን የዚህን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ልንገራችሁ። መኪና ከፍ ሲደረግ የሚለወጠው መኪናው ቆሞ ያለው ቁመት ነው፤ አክስሉ ወደ ላይ የሚደርስበት የመጨረሻ ቦታ አይለወጥም። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ወደ ላይ ሲመታ አክስሉን የሚያቆመው ከሻንሲው ሥር የተተከለው መመከቻ ጎማ ነው፤ እሱ ካልተነካ በስተቀር ከፍ የተደረገውም ያልተነካውም መኪና የሚጨርሱት በአንድ ቦታ ነው። ከረጢቱ አጠረ ብለን ከሥሩ ጠንካራ መሙያ ስናስቀምጥ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። አክስሉ ጨርሶ ሲወጣ ግን መሙያው ከረጢቱን ከላይኛው መቀመጫ ጋር ይፈጨዋል።

እኔ የመጀመሪያዎቹን መሙያዎች የቆረጥኩት መኪናው ቆሞ ሳለ ያየሁትን ክፍተት ለክቼ ነው፤ 7 ሴንቲ ሜትር። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ነዳሁ። አፋር ውስጥ ገዋኔን አልፌ አስፋልቱ በተቆረጠበት ቦታ ሙሉ ጭነት ይዤ ስገባ ግራው ከረጢት ከመሐሉ ተሰነጠቀ፤ የላይኛው የሞላ መቀመጫ ጠርዝም ጎበጠ። እንግዶቼን ይዤ ቀሪውን መንገድ በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ነው የጨረስኩት። መቀመጫውን ለማስተካከል የከፈልኩት ከከረጢቱ ዋጋ በለጠ።

ስለዚህ ሞላው ወጥቶ ሳለ አክስሉን በክሪክ ወደ ላይ አንሡት፤ መመከቻ ጎማው እስኪነካና ጥቂት እስኪጨመቅ ድረስ። በዚህ ቦታ ከታችኛው የሞላ መቀመጫ እስከ ላይኛው ያለውን ርቀት ለኩ። ይህንን ቁጥር «ጥበት» እንበለው። ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ አንሡና ሌላውን አውርዱ፤ አክስሉ ሲያጋድል መቀመጫዎቹ ትይዩ መሆናቸው ይቀርና በአንድ ጠርዝ የበለጠ ይጠባል። የምትይዙት ትንሹን ቁጥር ነው። በአንዳንድ መኪና መመከቻ ጎማው ራሱ በሞላው መሐል ስለሚገኝ ከረጢቱ ጨርሶ ቦታ የለውም፤ ያኔ ለዚያ ሞዴል የተሠራው እሽግ ጎማውን እንዴት እንደሚያነሣና በምን እንደሚተካ መመሪያው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ጎማውን ቆርጦ መጣልና ዝም ብሎ መሄድ አይሆንም።

ቀጥሎ ከረጢቱን ባዶ አድርጋችሁ ጣውላ ከላዩ አስቀምጡና ሰው ቆሞበት የሚደርስበትን ቁመት ለኩ፤ አምራቹ ቁጥሩን ጽፎ ከሆነ እሱን ተከተሉ። ይህንን «ጭማቂ ቁመት» እንበለው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከጥበቱ ላይ ጭማቂ ቁመቱን ቀንሱ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ፤ የሚተርፈው የመሙያው ትልቁ የተፈቀደ ቁመት ነው።

ለምሳሌ ጥበቱ 17፣ ጭማቂ ቁመቱ 9 ቢሆን 6 ሴንቲ ሜትር መሙያ ማስገባት ይቻላል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ለተነሣ መኪና ይህ ይበቃል። ጥበቱ 14 ቢሆን ግን የተፈቀደው 3 ብቻ ነው። ያኔ ሦስት አማራጭ አለ፦ ረጅም ከረጢት መፈለግ፤ 3ቱን አስገብቶ የቀረውን ክፍተት መቀበል፤ ወይም ከመመከቻ ጎማው በላይ 2 ሴንቲ ሜትር ብረት ጨምሮ ጎማውን ማውረድ። ሦስተኛው አክስሉ ወደ ላይ የሚሄድበትን ርቀት ይቀንሳል፤ ግን ከረጢቱን፣ አሞርዛተሩንና መቀመጫውን ያድናል። ከፍ ባለ መኪና ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ማጣት አይከብድም፤ እኔ የመረጥኩት እሱን ነው።

ስለ ትንሿ ክፍተት ግን ብዙ አትጨነቁ። ከረጢቱ አየር ሲገባበት ጎኑ በሞላው ስለሚታገድ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ራሱ ይሞላል።

መሙያውን መሥራት

ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ወፍራም የናይለን ዘንግ አስቆርጡ። እንጨት ውሃ ይጠጣል፣ ይሰነጠቃል። ብረት ከከረጢቱ ጋር ሲታሽ ይሞቃል፣ ጠርዙም ይቆርጣል። የጎማ ቁራጭ ደግሞ በጭነት ስለሚጨመቅና ስለሚንሸራተት አንዱ ጎን ከሌላው ያንሳል። ናይለን ጠንካራና ለስላሳ ነው፤ ዋጋውም አያስደነግጥም።

ስፋቱ ከሞላው የውስጥ ስፋት በ1 ሴንቲ ሜትር ይነስ፤ ሞላው ሲጨመቅ ጥቅልሉ እንዳይይዘው። የላይ ጠርዙን እንደ ሳንቲም ጠርዝ ሳይሆን እንደ ሳሙና ጠርዝ አድርጎ እንዲያከብበው ለባለሙያው ንገሩት። መሐሉን ቀዳዳ አስበስታችሁ ከታችኛው የሞላ መቀመጫ ጋር ባለው ቀዳዳ በኩል በብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በማይላላ ዳዶ እሠሩት፤ የብሎኑ ራስ ናይለኑ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር መጥለቅ አለበት። ሁለቱ መሙያዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ልክ ይሠሩ።

መሙያውን ከታች፣ የከረጢቱን የአየር አፍ ወደ ላይ አደርጋለሁ። አፉ ወደ ታች ከሆነ ቱቦው ከአክስሉ ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል፤ ድንጋይና ጭቃም ይመታዋል። ወደ ላይ ሲሆን ግን ከማይንቀሳቀሰው ሻንሲ ጋር ይታሠራል። ለዚህ በላይኛው መቀመጫ ላይ ያለውን ቀዳዳ ተጠቀሙ። ቀዳዳ ከሌለ ሻንሲውን በትራፓኖ አትብሱ፤ አፉን ወደ ታች አዙሩና መሙያው ላይ ለቱቦው መውጫ ቦይ አስፈልፍሉ።

ማስገባት

ከረጢቱን በእጅ ጨምቃችሁ አየሩን አስወጡ፤ አፉን በክዳኑ ዝጉት፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። እንደ እንጀራ ጠቅልላችሁ በሞላው አንድ ጫፍ ወይም በጥቅልሎቹ መካከል አስገቡት። አልገባ ካለ ሳሙና ውሃ ቀቡት፤ ዘይትና ግራሶ አይነካው፤ አቧራ ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ከገባ በኋላ ክዳኑን ስትከፍቱት አየር ስቦ ቅርጹን ይይዛል። ሞላውን ወደ ቦታው መልሱ፤ የታችኛው የሽቦ ጫፍ በመቀመጫው ላይ ወዳለው ማረፊያ እስኪደርስ አዙሩት። አክስሉን አንሡ፤ አሞርዛተሩንና ማረጋጊያውን ግጠሙ፤ ነገር ግን ጎሚኒ (በብረቶች መካከል የሚገባ የጎማ ቀለበት) ያለባቸውን ብሎኖች መጨረሻ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል።

የአየር ቱቦው

ከእሽጉ ጋር ብዙ ጊዜ ሁለቱን ከረጢቶች በአንድ አፍ ለመሙላት የሚያገናኝ ባለ ሦስት እግር ማያያዣ ይመጣል። ከፍ በተደረገ መኪና ላይ አትጠቀሙበት። መኪናው ሲታጠፍ የተጫነው ጎን አየሩን ወደ ቀለለው ጎን ይገፋዋል፤ ድጋፍ የሚያስፈልገው ጎን ይለሰልሳል፤ የማያስፈልገው ይጠነክራል። የክብደት ማዕከሉ ከፍ ያለ፣ ጣሪያው ላይ ጭነት ያለው መኪና የተርማ በርን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ይህንን አይፈልግም። ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ፣ ሁለት የተለያየ ቱቦና ሁለት አፍ ይሁን።

ቱቦውን በምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በፒንሳ የተቆረጠ ቱቦ ጫፉ ይሞለሞላል፤ አየር የሚያንጠባጥብ ገጠማ ሁሉ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ወደ ማያያዣው እስኪቆም ግፉት፣ ከዚያ ጎትታችሁ አረጋግጡ። ከማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) እና ከጭስ ማውጫ ቱቦው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ካልተቻለ በመካከላቸው የቆርቆሮ መከለያ አድርጉ። በሻንሲው ላይ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እሠሩት፤ ግን ከፍሬን ቱቦ ጋር አብራችሁ አትሠሩ። ከከረጢቱ እንደወጣ የአንድ ቡጢ ያህል ልቅ ዙር ተዉለት። አፎቹን ከኋላው ሰሌዳ አጠገብ ትከሉ፤ ሳትንበረከኩ ልትደርሱባቸው ይገባል፤ አለዚያ ሲደክማችሁ ሳታዩአቸው ታልፋላችሁ። የብረት ክዳን ይኑራቸው። የአፋር አቧራ የፕላስቲክ ክዳንን አያከብርም።

አየር መሙላትና መፈተሽ

መኪናውን በጎማው ላይ አቁማችሁ ሁለቱንም 10 ፒኤስአይ ሙሉ፤ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ ከዚያ 30 አድርሱና ማያያዣዎቹን ሁሉ ሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ ካላያችሁ እንዲያድር ተዉት። በማግስቱ ስትለኩ 1 ወይም 2 ቢጎድል አትደንግጡ፤ ከረጢቱ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ ጌጁ ሲሰካ የሚወጣው ብቻ ይህንን ያህል ያጎድላል። ስለዚህ ደጋግማችሁ አትለኩ።

በዚሁ ምክንያት ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ መንገድ ዳር ጎማዎቼን ሲያይልኝ የነበረ ልጅ እነዚህንም አፎች አይቶ ሊረዳኝ ፈልጎ ነፋቸው፤ ስደርስ አንዱ 60 አልፏል። የጎማ ልማድ ነው፤ ልጁ ክፉ አላሰበም። የእነዚህ ከረጢቶች ጣሪያ ግን ብዙውን ጊዜ 35 ነው፤ በእሽጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእኔም ከማንም ቃል ይበልጣል። የብስክሌት መንፊያ በቂ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ይሞላዋል፤ ቀስ እያለ ስለሚሞላም ልኩን በድንገት አያሳልፍም። ወለሉ ደግሞ 5 ነው። ከ5 በታች የሆነ ከረጢት ሞላው ሲጨመቅ ታጥፎ በጥቅልሎቹ መካከል ይነከሳል።

ስንት ልሙላ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቁጥር ሳይሆን ሜትር ነው። ጭነታችሁን ጫኑ፤ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ለኩ፤ ቀድሞ ከጻፋችሁት የባዶ ቁመት 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር እስኪያንስ ድረስ ሙሉና አቁሙ። ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ ያማረ ቢመስልም ጉዳት አለው። ላንድክሩዘር 80 ከፊትም ድፍን አክስል ነው፤ ከፍ ሲደረግ የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የኋልዮሽ ዘንበልታ ይቀንሳል፤ መሪው ወደ መሐል የመመለስ ፍላጎቱ ይደክማል። ኋላውን ከመጠን በላይ ስታነሡት ከቀረው ዘንበልታ ላይ ትቀንሱበታላችሁ። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ መሪው እንደ ጀልባ የሚዋልል ከሆነ አስቀድማችሁ የኋላውን አየር ቀንሱና እዩ።

የፍሬኑ ነገር

ይህንን የሚያነሣ ሰው ብዙም አልሰማሁም። በብዙ ላንድክሩዘር 80 ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት ማመጣጠኛ አለ። ሥራው የኋላው ዝቅ ሲል መኪናው ተጭኗል ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት መፍቀድ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ባዶ ነው ብሎ መቀነስ ነው። መኪናውን ከፍ ስናደርግ ዘንጉ ካልተስተካከለ ማመጣጠኛው ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። በላዩ ላይ ጭነቱን በአየር ከረጢት ስናነሣ 400 ኪሎ ይዘንም ባዶ ይመስለዋል፤ የኋላ ፍሬን የሚያስፈልገን ጊዜ ላይ ይነፍገናል። ከመኪናው ሥር ገብታችሁ ዘንጉን ፈልጉ፤ ካለ፣ መኪናው የተነሣውን ያህል ማያያዣውን በማስተካከል ወይም ለተነሣ መኪና የሚሸጠውን ማራዘሚያ በመግጠም እንዲስተካከል የፍሬን ባለሙያ ይሥራው። ይህ በቤት የሚሞከር አይደለም። ከተስተካከለ በኋላ ባዶውንም ተጭኖም ገላጣ መንገድ ላይ ፈትሹት፤ ባዶ ሳለ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው መቆለፍ የለባቸውም።

ደጋና ቆላ

አገራችን ለዚህ ነገር ልዩ ናት። አዲስ አበባ በ2350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የውጩ አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ያህል ነው። ዳሎል ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ እዚያ ወደ 15 ይጠጋል። ጌጅ የሚያሳየው በከረጢቱ ውስጥና በውጩ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ በ15 ዲግሪ ጠዋት 5 የሞላ ሰው ወርዶ 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሲለካ ከረጢቱ ምንም ሳያፈስ 2 ተኩል ገደማ ያነባል፤ ሙቀቱ የጨመረው ቁልቁለቱ የወሰደውን አይተካም። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብሳል። ማለትም ደጋ ላይ በወለሉ ልክ የተሞላ ከረጢት ቆላ ላይ ከወለሉ በታች ነው። ስለዚህ ወደ አፋር ስትወርዱ፣ መኪናው ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ አዲስ አበባ ላይ ከ10 አታሳንሱ፤ እዚያ ወደ 8 ይሆናል። ከቆላ ሌሊት ሞልታችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ስሜን ስትወጡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ 35 ድረስ አትሙሉ፣ 30 ላይ አቁሙ።

በመንገድ ላይ

ኮሮኮንች ላይ ከአስፋልቱ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ዝቅ አድርጌ እነዳለሁ። ከረጢቱ ሞላውን ያጠነክራል እንጂ አሞርዛተሩን አያጠነክርም፤ አየሩ ሲበዛ አሞርዛተሩ ሞላውን መግታት ያቅተውና ኋላው ይዘላል። በድንጋይ ላይ በዝግታ ስትወጡ፣ አክስሉ እንዲያጋድል ስትፈልጉ፣ ወደ 8 አውርዱ፤ ሲያልፍ መልሱ። ጭነቱን ካራገፋችሁ በዚያው ሰዓት አየሩን ቀንሱ። ባዶ መኪና 30 ፒኤስአይ ይዞ ሲሄድ የኋላ ጎማው መሬት ይለቃል፤ ዝናብ ከጨመረ ያስፈራል።

ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ብሎኖቹን፣ የቱቦ ማሰሪያዎቹንና የመሙያውን ዳዶ እንደገና አጥብቁ። ጭቃ ውስጥ ከገባችሁ ሞላውን በውሃ እጠቡ፤ በጥቅልሉና በከረጢቱ መካከል የቀረ ጠጠር ከድካም ሁሉ በላይ ያስረጀዋል። ዘይት በምትቀይሩበት ጊዜ ሁሉ በባትሪ መብራት አይታችሁ በከረጢቱ ጎን ላይ የጥቅልሉ አሻራ እኩል መሆኑን ተመልከቱ። በአንድ በኩል የጠለቀ መስመር ካለ መሙያው ከመሐሉ ሸሽቷል።

መሣሪያ ሣጥናችሁ ውስጥ ሁለት ሜትር ትርፍ ቱቦ፣ ሁለት ማያያዣና የብስክሌት መንፊያው ይኑሩ። ከረጢቱ ራሱ ቢቀደድ መኪናው አይቆምም፤ ሞላው እንደ ቀድሞው ይሸከማል። የሌላኛውን ጎን አየር ወደ 5 አውርዱ፣ ከኋላ ያለውን ጀሪካን ወደ ፊተኛው ወንበር አምጡ፣ ፍጥነት ቀንሱ። የተቀደደውን ሞላውን ሳታወጡ በጥቅልሎቹ መካከል በምላጭ ቆራርጣችሁ ማስወጣት ይቻላል፤ መሙያውን ግን እዚያው ተዉት።